መጀመሪያ መቆሟን፦ ስለ አባቴ ኤንትሬና ስለ ዛሬ መንገድ

በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል፣ «ከሙያ ውጭ» በተሰኘው የከሰዓት በኋላ መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር



የማኅበሩ ኮሚቴ ደውሎ «ዶክተር፣ ዘንድሮ ከሙያሽ ውጭ ስለሆነ ነገር ሃያ ደቂቃ ትናገሪያለሽ» ሲለኝ ብዙ አላሰብኩም። ከሙያ ውጭ ያለኝ ነገር አንድ ብቻ ነው። እሱም ከጊቢው በር አጠገብ ቆሟል፤ ከጧት ጀምሮ ስትዞሯትና ፎቶ ስትነሱባት የነበረችው ሰማያዊ ኤንትሬ ናት። ከአዲስ አበባ እስከዚህ ጎንደር ድረስ እኔና ታናሽ ወንድሜ እየተፈራረቅን ይዘናት መጣን። ደብረ ማርቆስ አድረን፣ በሁለተኛው ቀን ማታ ገባን። በአውሮፕላን የመጣችሁ አንድ ሰዓት ገደማ ነው የፈጀባችሁ፤ አውቃለሁ፣ ስትስቁብኝም ሰምቻለሁ።

ኮሚቴው ሌላም ጥያቄ ነበረው። «ነገ በከተማው ስንዞር የእኛን ባች ካሶኒው ላይ ጭነሽ ብትወስጂንስ?» አሉኝ። ደስ የሚል ሐሳብ ነው፤ ግን እምቢ አልኩ። አንዳንዶቻችሁ ቅር እንዳላችሁ ይገባኛል። የዛሬው ንግግሬ እንግዲህ የዚያ «እምቢ» ማብራሪያ ነው።

መጀመሪያ መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ። ፊያት 682 ኢጣሊያ ውስጥ መሠራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነው። እኛ አገር በብዛት የገባው ኤን 3 የሚባለው ዓይነቱ ነው፤ «ኤንትሬ» የምንለውም የጣልያንኛውን ቁጥር እንዳለ ወስደን ነው። ስድስት ሲሊንደር፣ ከአሥር ሊትር በላይ የሆነ የናፍጣ ሞተር አላት። አፍንጫ የላትም፤ ሾፌሩ የሚቀመጠው ከፊት ጫፍ፣ ሞተሩ አጠገብ ነው። መሪዋ በቀኝ በኩል ነው። በዚያ ዘመን የኢጣሊያ ከባድ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነበር፤ ሾፌሩ በተራራ መንገድ ላይ የመንገዱን ጠርዝ እንዲያይ ነው ይባላል። ኢትዮጵያም እስከ 1956 ዓ.ም. በግራ ትነዳ ስለነበር መሪው በቀኝ መሆኑ ያኔ ማንንም አላስቸገረም። ዛሬ ግን ሾፌሩ ሊቀድም ሲል ከፊቱ ያለውን ለማየት መጀመሪያ ግማሽ መኪናውን ወደ ተቃራኒው መስመር ማውጣት አለበት። ለዚህ ነው ረዳት ግራውን እያየ «ና! ና! ቆይ!» የሚለው።

አባቴ በዚህች መኪና ነው ያሳደገን። በረዳትነት ጀምሮ፣ አምስተኛ መንጃ ፈቃድ አውጥቶ፣ ለሰው ሲነዳ ኖሮ፣ በ1984 ዓ.ም. ያገለገለች ገዛ። ደብረ ብርሃን፣ ጣርማ በር፣ ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ሚሌ፣ አሰብ። በ1990 ዓ.ም. የአሰብ መንገድ ሲዘጋ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። እዚህ ጊቢ ስማር የላከልኝ ገንዘብ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ከሠላሳ ዓመት በላይ ነድቶ ሰው አልነካም፤ አልጋው ላይ ነው ያረፈው። ሚስጥሩን ስንጠይቀው መልሱ አጭር ነበር፦ «መኪና ስትይዙ መጀመሪያ መቆሟን እወቁ። መሄዱን እሷ ታውቀዋለች።»

እኔ ይህን ስሰማ አድጌ፣ ሐኪም ሆኜ፣ የሠራሁትን ስህተት ነው አሁን የምነግራችሁ።

አባባ ካረፈ በኋላ መኪናዋን ወንድሜ ወረሰ። ጭነት ሲኖራት ከ60 አትዘልም፤ ዳገት ላይ ደግሞ እረኛ እየተራመደ ይቀድማታል። መንገዱ ግን ተለውጧል። አስፋልቱ ሰፍቷል፣ አዳዲሶቹ ከባድ መኪኖች ባዶ ሲሆኑ በ90ና በ100 ይከንፋሉ፣ ሚኒባሱማ ሌላ ዓለም ነው። ወንድሜ «እህቴ፣ ከኋላ እየመጡ ሊጨፈልቁኝ ነው፤ አቅም ያለው ሞተር ብንገጥምላትስ?» አለኝ። ገንዘቡ የእኔ ነበርና ውሳኔውም የእኔ ሆነ። ከሌላ መኪና የወጣ፣ አዲስና ጉልበታም ሞተር ከነካምቢዮው ተገዝቶ ተገጠመ። አሮጌው መካኒክ ሥራውን ሲጨርስ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ዶክተርዬ፣ ፍሬኑስ?» ሲለኝ አስታውሳለሁ። መልሴንም አስታውሳለሁ፦ «እሱ ይቆየን፤ ለሚቀጥለው ክረምት።» ገንዘቡ አልቆብኝ ነበር።

እስቲ ይህን በእኛ ቋንቋ አስቡት። የልቡ ደም ስር የጠበበበት አንድ የሰባ ዓመት ሰው ክሊኒክ መጣ። «ዶክተር፣ ልጆቹ ቀደሙኝ፤ ልቤን የሚያፈጥን ነገር ስጪኝ» አለ። የትኛው ኢንተርን ነው ይህን የሚያዘው? እኔ አዝዣለሁ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ወንድሜ 70 ኩንታል ሲሚንቶ ጭኖ ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳል፤ እኔም ደሴ ለሥራ ጉዳይ ነበረኝና በራሴ ትንሽ መኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ወደኋላ ቀርቼ ተከተልኩ። ጣርማ በርን አልፎ ደብረ ሲና ደረሰ። ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት መንገዱ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። አሮጌው ሞተር ቢሆን ኖሮ በጩኸቱና በመንቀጥቀጡ «ቀስ» ይለው ነበር። አዲሱ ግን ፀጥ ያለ ነው፤ በትልቅ ማርሽ ላይ ሆኖ እየዘፈነ ይወርዳል። ፍሬኑን ሲነካ ያዘ፤ ሲነካ ያዘ፤ ሲነካ ያዘ። ከዚያ ጋቢናው ውስጥ የተቃጠለ ነገር ሸተተው። ቀጥሎ ሲረግጥ ፔዳሉ አለ፤ ፍሬን የለም።

ረዳቱ ያደገበት ደመ ነፍስ ነገረውና ታኮውን ይዞ ዘለለ። በአምስት ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለምትሸራተት መኪና የተሠራ እንጨት ነው። ታኮው ተፈነጠረ፣ የልጁ ክንድ ተሰበረ። ከፊት ለፊት ሰው የሞላ ሚኒባስ በመታጠፊያው ላይ ቀስ እያለ ይወርዳል። በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላው በኩል ተራራ። ወንድሜ ተራራውን መረጠ።

ስደርስ ጋቢናው ተጣሟል፣ ወንድሜ መሪውና ወንበሩ መካከል ተይዟል። ቀበቶ የሚባል ነገር አልነበራትም። የጭኑ አጥንት ተሰብሮ ነበር፤ ደረቱን መሪው መትቶት ሦስት የጎድን አጥንቶቹ ሄደዋል። ሰዎች ረድተውኝ አወጣነው፤ ከስፖንዳው በወለቀ ጣውላና በሁለት ነጠላ እግሩን አሰርኩት። የልብ ምቱን ስቆጥር እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሐኪም ቤት አልጋው ላይ ሆኖ ሲነቃ መጀመሪያ የተናገረው ምን መሰላችሁ? «ሞተሩ ጥሩ ነበር።» እኔን ለማጽናናት ነው። ዛሬ ሲራመድ ትንሽ ያነክሳል፤ ጧት በር ላይ ያያችሁት እሱን ነው። ሚኒባሱ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ማን እንዳዳናቸውም አያውቁም፤ መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ለወራት አንድ ጥያቄ ይዤ ዞርኩ፦ በትክክል ምንድን ነው የሆነው? እንደ ሬሳ ምርመራ ቁጭ ብዬ መረመርኩት። የተማርኩትን ላካፍላችሁ፤ ቁጥሮቹ ቀላል ናቸው፣ አትፍሩ።

አንደኛ፣ ቁልቁለት ማለት ሙቀት ነው። ከነጭነቷ 14 ቶን የሆነች መኪና አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁል ስትወርድ የምትለቀው ኃይል ሁለት በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ የሚተርፈው ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ማርሹ ትንሽ ከሆነ አብዛኛውን ሞተሩ ይይዘዋል። ማርሹ ትልቅ ከሆነ ወይም ሾፌሩ ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ በዜሮ ከለቀቃት ግን ሁሉም ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። የድሮ ፍሬን ከውጭ ድፍን ብረት፣ ከውስጥ ሸራ ነው። ብረቱ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም ሲቃጠል ይንሸራተታል። ክፋቱ ደግሞ አስቀድሞ አለመናገሩ ነው። ደም እየፈሰሰው ያለ ወጣት የደም ግፊቱ እስከ መጨረሻው ድረስ ደህና ይመስል የለ? ልቡ እየሮጠ ይሸፍንለታል፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ፍሬንም እንደዚያው ነው። «እስካሁን ይዟል» ማለት «ይይዛል» ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ ፍጥነት ሲጨምር ጉዳቱ የሚጨምረው በዚያው ልክ አይደለም። ሾፌር አደጋ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ አንድ ሰከንድ ተኩል ይፈጅበታል እንበል፤ ፍሬኑም ደህና ይዞ በየሰከንዱ ፍጥነቷን በ4 ሜትር በሰከንድ ይቀንስ። በ60 የምትሄድ መኪና እስክትቆም 60 ሜትር ገደማ ትሄዳለች። በ90 ከሆነ ግን 115 ሜትር። ፍጥነቱ በግማሽ ነው የጨመረው፤ ርቀቱ ግን ወደ እጥፍ ተጠጋ። አሮጌ የአየር ፍሬን ደግሞ አየሩ በቱቦ ሄዶ እስኪገፋ ድረስ የራሱን ጊዜ ይወስዳል።

ሦስተኛው የእኛው ነው። በ60 ሄዶ ግድግዳ መምታት ከ14 ሜትር ከፍታ እንደመውደቅ ነው፤ አራት ፎቅ በሉት። በ90 ከሆነ 32 ሜትር፣ አሥር ፎቅ ማለት ነው። አካላችን ያው የአራት ፎቁ አካል ነው። መኪናዋ ስትቆም ሰውየው አይቆምም፤ ሰውየው ሲቆም ጉበቱና ልቡ አይቆሙም፤ ትልቁ የደም ስር ከተያዘበት ቦታ ላይ የሚቀደደው ለዚህ ነው። አፍንጫ የሌላት መኪና ላይ ደግሞ ከግጭቱ ጋር መጀመሪያ የሚገናኘው የሾፌሩ ጉልበት ነው። የዛሬ መኪኖች መሪያቸው ሲመታ ይታጠፋል፤ የእሷ ዘንግ ግን ቀጥ ያለ ብረት ነው።

ታዲያ መኪናዋን መሸጥ ነበረብን? እናታችን «ብረት ነው፣ ይሸጥ» አለች። ወንድሜ ገና በክራንች እየሄደ «አባባ በእሷ አሳደገን እንጂ በእሷ አልገደለንም» አለ። ብዙ ካሰብን በኋላ ልናድናት ወሰንን፤ ግን ቅደም ተከተሉን ገልብጠን። ያንን ቅደም ተከተል ነው ይዛችሁ እንድትሄዱ የምፈልገው፤ ምክንያቱም ከእናንተ መካከል የአባቱ ላንድሮቨር፣ የአጎቱ ቮልስዋገን ጓሮ ውስጥ የቆመለት ብዙ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

መጀመሪያ መቆም። ብረቶቹ ቶርኖ ቤት ገብተው ተለኩ፤ ከልኩ በላይ የተበሉት ተጣሉ። የፍሬን ሸራው በሙሉ አዲስ ሆነ፤ የአየር ቱቦዎቹም እንዲሁ። በፊት የአየሩ መስመር አንድ ነበር፤ አንድ ቱቦ ከፈነዳ ሁሉም ጎማ ፍሬን ያጣል። አሁን የፊትና የኋላው ተለያይቷል፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ይቀራል። ከኋላ ደግሞ አየር ሲያልቅ ሞላው በራሱ የሚይዝ ፍሬን ተገጠመ፤ አየሩ ሲቀንስም ጋቢና ውስጥ ይጮሃል። የጭሱን መውጫ ዘግቶ ሞተሩን የሚያፍነው ፍሬን ሞተርም ታድሷል። የአራቱም ጎማ ፍሬን እኩል መያዙ ካልተስተካከለ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው፤ አንዱ ቀድሞ ከያዘ መኪናዋን ይጠመዝዛታል። ይህን ሁሉ የሠራው ያው አሮጌ መካኒክ ነው። ያን ጊዜ «ፍሬኑስ?» ያለኝን ሰው ትቼ ወዴት እሄዳለሁ?

ሁለተኛ መያዝ፤ ማለትም ጎማና መሪ። ጎማ ጥርሱ ስላላለቀ ብቻ ደህና አይደለም፤ ላስቲክ ያረጃል። ጎኑ ላይ አራት አሃዝ ታገኛላችሁ። «2319» ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በድሮው አሠራር የተሠራ ጎማና ራዲያል ጎማ አንድ አክስል ላይ አይቀላቀሉም፤ አንዱ ሲታጠፍ ሌላው አይታጠፍም። ባለ ቀለበት ቸርኬ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ፣ ጎማ ሲነፋ ከፊቱ አትቁሙ። በደንብ ያልገባ ቀለበት ሲፈናጠር ምን እንደሚያደርግ በሥራዬ አይቻለሁ፤ ምሳ ከመብላታችን በፊት አልዘረዝረውም። መሪው ላይ ፔርኖውና ቦኮላው ተቀየረ። በፊት መሪው ሩብ ያህል ዞሮ ነበር ጎማው የሚሰማው። በ40 ይህ «ጨዋታ» ይባላል፤ በ80 ሌላ ስም አለው።

ሦስተኛ ማየትና መታየት። አሮጌው ዲናሞ የሚሰጠው መብራት ከሻማ የሚሻለው በጥቂቱ ነበር፤ በአዲስ ጀነሬተርና በአዲስ መብራት ተተካ። ከኋላና ከጎን የሚያንጸባርቅ ቀይና ነጭ ወረቀት ለጠፍን። ከኋላ ደግሞ ዝቅ ያለ ጠንካራ ብረት ተገጠመ። ይህ ብረት ለእሷ አይደለም፤ ከኋላ ለሚመጣው ነው። ትንሽ መኪና ከካሶኒ ሥር ስትገባ ኮፈኗም ሆነ ቀበቶዋ አይረዳትም፤ ካሶኒው በቀጥታ መስታወቱ ጋ ነው የሚደርሰው። ሰፋ ያሉ ስፖኪዮዎችና በግራ በኩል ትንሽ ካሜራም አስገባን። ረዳቱ ግን አልቀረም። «ና! ቆይ!» ማለቱን ቀጥሏል፤ ከካሜራው ይልቅ እሱን አምናለሁ።

አራተኛ ሰውን ማሰር። በሦስት ቦታ የሚያዝ ቀበቶ ከነወንበሩ ገባ። ወገብ ላይ ብቻ የሚታሰረው ሰውየውን ከመወርወር ያድነዋል፤ ግን ሰውነቱ በሆዱ ላይ ይታጠፍና አንጀቱ ይጎዳል፤ ከመሪውም ደረቱን አያድነውም። ቀበቶውን በዛገ ቆርቆሮ ላይ በብሎን ማሰር ደግሞ ጌጥ ነው። እኛ ከሥር ከሻሲው ጋር የተያያዘ ብረት ተሠርቶለት፣ መሐንዲስ አይቶት ነው የታሰረው። ካሶኒ ላይ ቀበቶ የለም። ሃምሳ ዶክተር ካሶኒ ላይ ቆሞ፣ እጁን እያወዛወዘ፣ አንድ ሕፃን መንገድ ላይ ቢገባና ወንድሜ ፍሬን ቢረግጥ፣ የሚቀጥለውን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። የአራት ዓመት ባች በአንድ ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ይገባል፤ ተቀባዩም ታማሚውም እኛው። «እምቢ» ያልኩት ለዚህ ነው።

አምስተኛ፣ ከሁሉም መጨረሻ፣ ፍጥነት። ያ ጉልበታም ሞተር ተሸጠ፤ የፍሬኑን ሥራ ግማሹን የከፈለው እሱ ነው። የድሮው ሞተር ታድሶ ተመለሰ። ዲፈረንሻሉን ብቻ ትንሽ ፈጠን ባለ ቀየርነው፤ ሞተሩ ሳይጨነቅ ደልዳላ መንገድ ላይ 70 እንድትሄድ። እዚያ ላይ የናፍጣው ፖምፓ ታሽጓል። ማኅተሙን የመፍቻ ቁልፉ እናታችን ጋ ነው፤ ማንም ደፍሮ አልጠየቃትም።

አሁን አንድ ሰው «ታዲያ 70 ከሆነች ያ የመጀመሪያው ችግር አልቀረም ወይ? ከኋላ የሚጨፈልቁትስ?» ሊለኝ ይችላል። ትክክል ነው። ቀስ ማለት ብቻውን ደህንነት አይደለም። በ40 ዳገት የምትወጣ መኪና ጀርባ በ100 የሚመጣ ሾፌር ካለ፣ በ150 ሜትር ርቀት ቢያያት እንኳ ያለው ጊዜ ዘጠኝ ሰከንድ ነው። እሱ ደግሞ ስልኩን እያየ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የተሠራው ሁሉ አንድ ነገር ይጎድለዋል፤ አነዳዱ ነው።

እኛ ለራሳችን ያወጣነው ደንብ እንዲህ ነው። ሲጨልም አንነዳም። ወደ አዳማ ስንሄድ በፍጥነት መንገዱ አንገባም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው ያ ስድስት መስመር መንገድ ለእሷ አልተሠራም፤ በአሮጌው መንገድ እንሄዳለን። ዳገት ላይ መብራታችን ብልጭ ድርግም ይላል። ከኋላችን አምስት መኪና ከተሰለፈ ሰፊ ቦታ ፈልገን እንቆማለን፣ እናሳልፋለን፤ ክብራችን አይነካም። የጭነት ልኳ ይከበራል። ከቁልቁለት በፊት እንቆማለን፣ ጎማዎቹን በእጃችን እንዳብሳለን፤ አንዱ ከሌላው በላይ ከጋለ የታመመው እሱ ነው። ማርሹ የሚመረጠው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው፤ መሃል ላይ ማርሽ ልቀንስ ያለ ሰው ዜሮ ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር ይችላል። ፍሬኑ ላይም እግር አይተኛም። ጠበቅ አድርጎ ረግጦ ፍጥነቷን መቀነስ፣ መልቀቅ፣ ማስተንፈስ።

ከትናንት በስቲያ ጎሃ ጽዮን ደረስን። ዓባይ በረሃ ከፊታችን ተዘርግቷል። ያንን አደጋ ካየሁ ወዲህ በእንደዚህ ያለ ቁልቁለት ላይ መሪ ይዤ አላውቅም ነበር። ወንድሜ ከመኪናው ወርዶ፣ እያነከሰ ዞሮ መጣና በሬን ከፈተ። «ውረጂ ልልሽ አይደለም፤ ቀበቶሽን ላይ ነው» አለኝ። አየው፣ ጎተት አደረገው፣ በሩን ዘጋው። በሁለተኛ ማርሽ ገባሁ። ፍሬን ሞተሩ እየጮኸ፣ ሞተሩ እያጉረመረመ፣ እስከ ድልድዩ ድረስ ከሰው ሩጫ ብዙም ባልፈጠነ ፍጥነት ወረድን። ሁሉም ቀደመን፤ አንዱ ጥሩምባ እየነፋ «እማማ፣ ተኚበት!» ብሎኝ አለፈ። ታች ስንደርስ ወረድንና ጎማዎቹን ዳበስናቸው። ለብ ብለው ነበር፤ ሁሉም እኩል። ወንድሜ ምንም አላለም፤ እጁን ጎማው ላይ እንዳደረገ ትንሽ ቆየ። እኔ አለቀስኩ፤ ሐኪምም ያለቅሳል እኮ።

ውድ ጓደኞቼ፣ አብዛኞቻችን አርባን ተሻግረናል። ከፊታችን የተቀመጡት መምህራኖቻችን ደግሞ ከእኛ በፊት የነበሩ ኤንትሬዎች ናቸው ብል እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ዳገቱን ያወጡን እነሱ ናቸው። አሮጌን ነገር መውደድ ማለት አዲስ አስመስሎ ማስሮጥ አይደለም፤ አቅሙን አውቆ፣ የሚያቆመውን አጠናክሮ፣ በልኩ ማስኬድ ነው። ጓሮ ውስጥ የቆመችላችሁ መኪና ካለች፣ ሞተሩን ከመክፈታችሁ በፊት አንዱን ጎማ ፍቱና ፍሬኑን እዩ። መካኒካችሁ «ፍሬኑስ?» ካላችሁ ደግሞ «ይቆየን» አትበሉ።

ነገ ጧት ከሁለት ሰዓት ጀምሮ በር ላይ እንቆማለን። ጋቢናዋ ከሾፌሩ ሌላ ሁለት ሰው ይይዛል፤ ቀበቶም ለሁለቱም አለ። ሁለት ሁለት እያላችሁ ተመዝገቡ፤ ከተማውን ዞረን እንመልሳችኋለን። ተራ ቶሎ አይደርስም፤ ቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቀስ ብለን ነው የምንሄደው።